በገጽ 118 ኅዳግ ላይ

መጋቢት 6 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት
ሐይቁ ዳር ካለው የእንግዳ ማረፊያ፣ ክፍል 3

ለልጄ እናት፣

ዛሬ ጠዋት ከቁርስ በፊት በመጽሐፍሽ ገጽ 118 ኅዳግ ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጌያለሁ።

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ መሐል ላይ ቆም ብለሽ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል የምታዪ እንደምትመስዪ ልጃችን ነግራኛለች። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ትንሽ ያስቸግረኛል፤ እሱም መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ ሲጠፋኝ ብቻ ነው። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሕፈቴን ስታዪ ወንበር ስበሽ እንደተቀመጥሽ እገምታለሁ። ዘጠኝ ዓመት በልጃችን በኩል ሰላም ስንባባል ኖረን፣ የመጀመሪያው ደብዳቤዬ በጥያቄ ምልክት መጀመሩ ደግ አይደለም። ከመነሻው ልንገርሽ።

መጽሐፍሽን የማርመው እኔ ነኝ። አንቺ አላወቅሽም፤ እኔም እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ አላወቅኩም ነበር። ከጋዜጣው ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለአንድ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ አርማለሁ። የማተሚያ ቤቱን ባለቤት ሁላችንም አለቃ ነው የምንለው፤ አንድ የማይለውጠው ልማድ አለው። ጽሑፍ ለአራሚ ሲሰጥ ሽፋኑንና የደራሲው ስም ያለበትን ገጽ አውጥቶ መሳቢያው ውስጥ ይቆልፍበታል። አራሚ የሚያውቀው ሰው ጽሑፍ እጁ ከገባ ወይ ይራራለታል ወይ ይበቀለዋል ይላል። ለደራሲውም አራሚው ማን እንደሆነ አይነግረውም። እንዲህ ሆኖ ነው መጽሐፍሽ ስም አልባ ሆኖ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ እዚህ ድረስ የመጣልኝ።

እዚህ ዕረፍት ላይ ነኝ። ልጃችን ናት ያስወጣችኝ። «አባዬ፣ ሁለት ሳምንት ውሃ ዳር ተቀምጠህ የሰው ስህተት ሳትፈልግ አንብብ» አለችኝ።

«ስህተት ሳይፈለግ እንዴት ነው የሚነበበው?»

«እንደ ሰው» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ማረፊያው ስምንት ክፍል ብቻ ያለው የድንጋይ ቤት ነው። ባለቤቷን ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። እንግዶች ረስተው የሄዱትን መጽሐፍ ሁሉ መመገቢያው ክፍል ውስጥ ባለ መደርደሪያ ላይ ይሰበስባሉ። አንድ ደንብ አላቸው፤ መጽሐፍ የወሰደ ሰው አንብቦ ሲጨርስ እራት ላይ ታሪኩን ሊነግራቸው ይገባል። «እኔ ለማንበብ ጊዜ የለኝም፤ በቀን አሥራ ስድስት አንሶላ አለብኝ» ይላሉ። ስለዚህ በስምንት ቀን አራት መጽሐፍ አንብቤ አራቱንም ሾርባ እየቀዘቀዘብኝ ተርኬያለሁ።

የመጀመሪያው ስድስት መቶ ገጽ የሞላ ልብ ወለድ ነው። ሦስት ወንድማማቾች ከአባታቸው በወረሱት ወፍጮ ሲጣሉ ይኖራሉ። ደራሲው ሁለቱን ይወዳቸዋል፤ ሦስተኛው ግን መሐል ላይ ስለሰለቸው ወንዝ ውስጥ ጣለው። ትልቁ ወንድም ገጽ 40 ላይ ሚስቱን ትቶ ይሄድና ገጽ 580 ላይ ይመለሳል። በመሐሉ ወፍጮውን የምታንቀሳቅሰው ሚስትየው ናት፤ ደራሲው ግን ይህን እንደ ታሪክ ስላልቆጠረው በሁለት አንቀጽ አልፎታል። እዚህ ስደርስ እትዬ ጭልፋቸውን እንደያዙ ቆሙ።

«ሲመለስ ምን አለችው?»

«'እግርህን ጠርገህ ግባ' አለችው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ምዕራፉ እዚያ ላይ ያልቃል።»

ትንሽ አሰቡበት። «ደግ አድርጋለች» አሉ። «ወለሉን የምታጥበው እሷ ናት።»

ከእኔ ትይዩ የሚቀመጠው የክፍል 5 እንግዳ ጡረታ የወጣ ጥርስ ሐኪም ነው። እሱ ማንኛውንም መጽሐፍ ከመጨረሻው ገጽ ይጀምራል። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ወንድሜ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሰው አፉን ከፍቶ 'መጨረሻዬ ምን ይሆን' እያለ ሲሠቃይ አይቻለሁ። መጠበቅ አልወድም» አለኝ።

ሁለተኛው የአንድ ቀዶ ሐኪም ግለ ታሪክ ነው። ሰውየው በሦስት መቶ ገጽ ውስጥ አንድም ቀን አልተሳሳተም። የሚሳሳቱት ነርሶቹ ናቸው፣ መብራቱ ነው፣ አንዳንዴም በሽተኞቹ ራሳቸው። አንድ በሽተኛ ይሞትበታል፤ እሱም በሽተኛው ዘግይቶ በመምጣቱ ነው። ጽሑፉ ንጹሕ ነው፤ አንድ የተንጋደደ ዓረፍተ ነገር አላገኘሁበትም። ቢሆንም ሳነበው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ጥርስ ሐኪሙ ተከላከለለት። «በሽተኛው ተኝቶ ነው የሚሳሳቱት። እኛ ግን ዓይን ለዓይን እየተያየን ስለምንሳሳት ይቅርታ ለመድን» አለ። ሳቅን። ክፍሌ ስገባ ግን ይህን ቀዶ ሐኪም ከየት እንደማውቀው ሳስብ ቆየሁ።

ከአራቱ አስበልጬ የወደድኩት ሦስተኛውን ነው፤ አንዲት የስልክ ኦፕሬተር የጻፈችው ማስታወሻ። ሠላሳ ዓመት የሰው መስመር ስታገናኝ ኖራለች። መስማት ክልክል ነበር፤ እሷ ግን ትሰማ እንደነበር ገጽ 1 ላይ ትናዘዛለች። የሰማችውን የሰው ምሥጢር አንዱንም አታወጣም፤ የምታጋልጠው ራሷን ነው። አንድ ሰው በየቀኑ ከሥራ መልስ ያንኑ ቁጥር ይጠይቃታል፤ ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም። ለአራት ወር እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን እሷ ራሷ መስመሩ ውስጥ ገብታ «የሉም፤ ደህና ናቸው ግን» አለችው። የማታውቀውን ነገር። ሰውየው «አመሰግናለሁ» ብሎ ዘጋና ከዚያ በኋላ አልደወለም። ማድረጌ ልክ ይሁን ስህተት እስከ ዛሬ አላውቅም ብላ ወደ ሌላ ነገር ታልፋለች። እትዬ ይህን ሲሰሙ የያዙትን ሳህን አስቀመጡ። «እኔም እንደዚያ እል ነበር» አሉ።

ስለ አራተኛው ብዙ የምለው የለኝም። ቀጭን ልብ ወለድ ነው፤ የመጨረሻ ሃያ ገጹ ተቀዷል። ጥርስ ሐኪሙ ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶት ሁለት ቀን ሲያኮርፍ ሰነበተ።

ሰኞ ዕለት ያንቺ ጥቅል መጣ። እትዬ «ይሄም ከእኔ መደርደሪያ ነው?» አሉኝ። ሥራ ነው ስላቸው፣ ልጃችን ያለችኝን ነግሬያቸው ስለነበር፣ «ታዲያ ልጅዎ 'እንደ ሰው አንብብ' አላሉዎትም?» ብለው ተቆጡኝ።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ በሥራ ዓይን ነው ያነበብኩት። የመምህርት ማስታወሻ ነው፤ ጥሩ እጅ አላት፤ ነጠላ ሰረዝ ታበዛለች። ይህን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ማክሰኞ ጠዋት ገጽ 23 ላይ ስደርስ ለመክፈት እጀታውን ወደ ላይ ማንሣት የሚያስፈልገው በር ያለበት ቤት አገኘሁ። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ። እርሳሴን አስቀመጥኩ። ያን በር በየቀኑ ነው የማነሣው። ጃኬቴን ለብሼ ሐይቁን ግማሽ ዞሬ መጣሁና ከገጽ 1 እንደገና ጀመርኩ፤ በዚህ ጊዜ ልጃችን እንዳለችው።

ስለ መጽሐፍሽ ምን ልበልሽ? ጣራው ሲያፈስ ሃምሳ ሁለቱን ልጆች ደረቁ ጥግ ላይ አጉረሽ፣ ሰባት ጣሳ ደርድረሽ፣ ጠብታ እያስቆጠርሽ የሰባትን ብዜት ያስተማርሽበትን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከትምህርት ቢሮ ሊገመግምሽ የመጣው መርማሪ እግሩ የተሰበረ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እንዳይወድቅ በራሱ እግር ደግፎ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ላብ ሲያጠምቀው ቆይቶ «ትምህርቱን በከፍተኛ ትኩረት ተከታትያለሁ» ብሎ የጻፈልሽን ሳነብ ብቻዬን ጮክ ብዬ ስቄ ከጎረቤት ክፍል ግድግዳ ተመታብኝ። ይህን ታሪክ ያኔ ቤት መጥተሽ ነግረሽኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ያኔ አልሳቅኩም። ገጽ እያረምኩ ነበር መሰለኝ።

ያልነገርሽኝም አለ። እርሳስ ሰርቀሻል ብለሽ በክፍሉ ፊት ያስለቀስሻት ልጅ፣ እርሳሱ በማግሥቱ ከራስሽ ቦርሳ ውስጥ መገኘቱ፣ ሁለት ቀን ምግብ አልወርድ ብሎሽ ቆይቶ በሦስተኛው ቀን ሰሌዳው ፊት ቆመሽ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ማለትሽ። ሁለት ቀን ምግብ ያልበላሽበት ገበታ እኔም የተቀመጥኩበት ነው፤ አላየሁም። በሥራ አርባ አንድ ስህተት አግኝቼብሻለሁ፤ ሁሉም የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ናቸው። እንደ ሰው ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ካነበብኩ ብዙ ጊዜዬ ነው። የደበቅሽው ነገር የለም፤ ማንንም ደግሞ አልወነጀልሽም።

ረቡዕ እራት ላይ የማንነቱን ሳልናገር የዝናቡን ምዕራፍ ተረክኩላቸው። እትዬ ወደዱሽ።

«ይህች አስተማሪ ባል የላትም?» አሉ።

«መጽሐፉ ላይ ብዙም አይታይም።»

«እንግዲያው ሞቷል።»

«አልሞተም።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

ጥርስ ሐኪሙ ዳቦውን መቁረስ ትቶ አየኝ። «ከመጨረሻው ብትጀምር ይሻልህ ነበር» አለኝና ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ሌላ አልጠየቀኝም፤ ለዚህም አመስግኜዋለሁ።

ገጽ 118 ላይ የደረስኩት ሐሙስ ነው። ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት የምትሄጂበት ቀን ነው፤ ሻንጣሽ፣ የአውቶቡስ ጣቢያው፣ አጠገብሽ የተቀመጠችው ዶሮ የያዘች ሴት። ከዚያ እንዲህ ትያለሽ፦ «ባለቤቴ ሊሸኘኝ አልመጣም። አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስ በመስኮት አየሁ።» በሁለት መቶ አርባ ገጽ ውስጥ ያለሁት እዚህ ብቻ ነው።

ለልጃችን ደወልኩላት። ሳልጨርስ ገባት። «አንተ እጅ ገባ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። «አንብበኸዋል?»

«118 ላይ ነኝ።»

«እህ።»

«ከዚህ በኋላስ አለሁ?»

«የለህም አባዬ። መጀመሪያ ነበርክ። አሥራ አራት ገጽ ነበር ስለ አንተ። አወጣችው።»

«ምን ይል ነበር?»

«እኔ ፖስተኛ ነኝ እንጂ አስተርጓሚ አይደለሁም። እሷን ጠይቃት። ደግሞ እናንተ ሰዎች፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእኔ በኩል 'ሰላም በያት'፣ 'ሰላም በይው'። ለሁለታችሁም የነገርኳችሁን ሰላምታ ብደምረው መጽሐፍ ይወጣዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው።

በሙያችን ሕግ አለ። አራሚ ፊደል ያርማል፤ ነገር አይነካም። የተጻፈው ነገር ስህተት እንደሆነ ካወቀ ግን ዝም ብሎ ማለፍም አይፈቀድለትም። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት ያደርግና በቁራጭ ወረቀት አንድ መስመር ለደራሲው ይጽፋል። ትናንት ሙሉ ቀን ያንን አንድ መስመር ስሞክር ዋልኩ። «አልመጣም የሚለው ይጣራ» ብዬ ጻፍኩ፤ የፖሊስ ጣቢያ ቃል መሰለኝ። «መጥቶ ከሆነስ?» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱንም ቀደድኩት። ከሰዓት በኋላ ለአለቃ ደወልኩ።

«አለቃ፣ ይሄ መጽሐፍ የባለቤቴ ነው።»

ከኋላው ማሽኑ ይሰማኛል።

«የትኛዋ ባለቤትህ?»

«ስንት ያለኝ መሰለህ?»

«እኔማ ያለህም አልመሰለኝም ነበር» አለ። ከዚያ ድምፁን ለወጠ። «በቃ መልሰው። ለሌላ አራሚ እሰጠዋለሁ።»

«አርባ አንድ ስህተት አውጥቼለታለሁ።»

«ሌላውም ያወጣል።»

«ሠላሳ ቢያወጣ ነው።»

ይህን አላስተባበለም። «እንግዲያው ደንቡን ታውቃለህ። ገጹ ላይ እንደ ማንኛውም አራሚ ምልክትህን አድርግ። የቀረውን የቤትህን ጉዳይ በራስህ ፖስታ ጻፍላት» አለኝ። እነሆ፣ በአንድ መስመር አልሆንልህ ያለኝን እየጻፍኩልሽ ነው።

መጥቼ ነበር።

ከመሄድሽ በፊት የነበሩትን ሦስት ቀናት እህትሽ ቤት ነበርሽ። ከቤት ስትወጪ በሩ ላይ ቆመሽ «ረቡዕ ጠዋት ነው የምሄደው። ከመጣህ አጠገቤ ቦታ እይዝልሃለሁ፤ ካልመጣህ ለምን ብዬ አልጠይቅህም» አልሽኝ። ቃልሽን ጠብቀሻል፤ ጠይቀሽኝ አታውቂም። እኔ ደግሞ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ አልጠየቅኩሽም። መጠየቅ መሸነፍ መሰለኝ። ለእህትሽ ደውዬ ማወቅ እችል ነበር፤ እሱም ያው መሰለኝ። የገዛ ጋዜጣዬ በየሰኞው ገጽ 6 ላይ የአውቶቡስ መነሻ ሰሌዳ ያወጣል። ሌላ ማንን እጠይቃለሁ? ሰሌዳው ሁለት ሰዓት ተኩል ይላል።

ሰሌዳው ያለፈው ወቅት ነበር። መሥሪያ ቤቱ አዲሱን ከሁለት ሳምንት በፊት ልኮልን ነበር፤ የተላከው ለእኔ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የሻይ ብርጭቆ አስቀምጬበት ኖሯል። ያ ሰሌዳ በየሳምንቱ ሳይነካ የሚታተም ስለሆነ ማንም አያነበውም፤ ማንበብ የነበረብኝ አንዱ ሰው እኔ ነበርኩ። ከሥሩ «ታይቷል» ብዬ ፈርሜበታለሁ።

ረቡዕ በሁለት ሰዓት ጣቢያው ደረስኩ። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ መድረሴ ነበር። አነስተኛውን ሻንጣ ይዤ ነበር፤ ቡናማውን፣ ዚፑ የሚነክሰውን። ኪሴ ውስጥ ዋና አዘጋጁ የፈረመልኝ የሦስት ወር ፈቃድ ነበር። ትኬት ቆራጩ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሄዷል እኮ አባቴ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚነሣው።»

«ጋዜጣው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የሚለው።»

«አንተ ዛሬ አራተኛህ ነህ» አለ። «እዚያ የምታውቀው ሰው ካለ ንገርልኝ፤ ሰው እያንከራተቱ ነው።»

እነግራቸዋለሁ አልኩት። ሻንጣዬን ይዤ ቀጥታ ቢሮ ሄድኩና እርማቱን ጻፍኩ። ዋና አዘጋጁ «ሰሌዳውን አስተካክለን ብናወጣው ይበቃል፤ ይቅርታው ምን ያደርጋል?» ብሎኝ ነበር። ያስፈልጋል አልኩት። ሐሙስ ገጽ 2 ላይ በትንሽ ፊደል ወጣ፦ «ሰኞ በወጣው ጋዜጣችን የታተመው የአውቶቡስ መነሻ ሰሌዳ ያለፈው ወቅት ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ምክንያት አውቶቡስ ላመለጣቸው ተጓዦች ከልብ የመነጨ ይቅርታ እንጠይቃለን።» «ከልብ የመነጨ» የሚለውን አዘጋጁ ሊያወጣው ፈልጎ እምቢ አልኩት። አንቺ ሐሙስ ዕለት መንገድ ላይ ነበርሽ። ቁራጩን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ እንዳጋጣሚ የኪስ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

የሚቀጥለው አውቶቡስ ዓርብ ነበር። ለምን በሱ አልመጣሁም? ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ረቡዕ ያፈርኩበት ነገር ዓርብ ሲደርስ ኩራት ሆኖ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ስህተት በቀይ ቀለም እያከበብኩ ኖሬ፣ «በገዛ ስህተቴ ቀረሁ» ብዬ ለሚስቴ መጻፍ አቃተኝ። ከዚያ ልጃችን ከአንቺ መልእክት አመጣችልኝ፤ «አባትሽ አልመጣም፤ ገብቶኛል» ብለሻታል። እሺ አልኳት። ያኔ አይደለም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነበር። ያን አንድም ቀን ያልተሳሳተ ቀዶ ሐኪም ከየት እንደማውቀው የገባኝ ዛሬ ጠዋት ነው።

ይህን የነገርኩሽ ዓረፍተ ነገሩን ቀይሪ ለማለት አይደለም። አንቺ ያየሽውን ነው የጻፍሽው፤ በመስኮት ስታዪ አልነበርኩም። በሙያዬ ከጠየቅሽኝ ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ምንም አይወጣላቸውም፤ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አላበዛሽባቸውም። «እንዳለ ይሁን» ካልሽ እንዳለ ይታተማል፤ የመጨረሻውንም ገጽ አንብቤ እፈርማለሁ። ይውጣ ካልሽ አወጣዋለሁ፤ ያኔ መጽሐፉ ውስጥ ጭራሽ አልኖርም፤ እሱም ቢሆን አይከፋኝም። ይህን የመጨረሻውን ከጻፍኩ በኋላ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ እውነት አይደለም፤ ግን አልሰርዘውም። መለወጥ ከፈለግሽ በራስሽ ቃል ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አንዲት ፊደል አልነካም።

ስለ አሥራ አራቱ ገጾች አልጠይቅሽም። አራሚ ያልተሰጠውን ገጽ አይጠይቅም።

እትዬ ሰላም ብለውሻል። ዛሬ ቁርስ ላይ ነው የነገርኳቸው። ቆም ብለው «ታዲያ እስካሁን ምን ያደርጋሉ እዚህ?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ አንሶላቸውን ይዘው ወጡ። የስልክ ኦፕሬተሯን መጽሐፍ ለምኜ ወስጄልሻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። አንቺም ስትጨርሺው ለአንድ ሰው እራት ላይ ተርኪለት፤ ደንቡ ነው ብለዋል። ጥርስ ሐኪሙ ደግሞ መጽሐፍሽ ሲወጣ አንድ ቅጂ እንድልክለት አድራሻውን ሰጥቶኛል። ገጽ በገጽ ከመጀመሪያው አነበዋለሁ ብሏል፤ አላመንኩትም።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ። የቆምሽበት ክፍል ሁሉ ጣራው አያፍስስ፤ ያስተማርሻቸው ልጆች ባደጉበት ቦታ ሁሉ በደግ ያንሡሽ። የልጃችንን ሳቅ አያሳጣን። እጅሽ ከጠመኔ ወደ ብዕር እንደዞረ ይቅና፤ ገና ብዙ እንድትጽፊ እመኛለሁ፤ እኔ ባልኖርበትም።

የልጅሽ አባት

ማስታወሻ፦ ሰኞ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ይህ ደብዳቤም ሰኞ ልጃችን ዘንድ ይደርሳል፤ በዚያው ቀን እንድትሰጥሽ ነግሬያታለሁ። መጽሐፍሽ ረቡዕ መጋቢት 17 ቀን ጠዋት ማሽን ላይ ይወጣል። አለቃ ያንቺን ቃል በስልክም ሆነ በወረቀት እስከ ማክሰኞ መጋቢት 16 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ገጽ 118 እንዳለ ይታተማል። እኔ ማክሰኞ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ማተሚያ ቤቱ ነኝ።